ሁለተኛ ተጫዋች

ዌንደል ዳይክስትራ ከሰው ጋር ሲገናኝ ቶሎ ብሎ የሚታየው የሰውዬው ፊት አይደለም፤ ካርድ ይኑረው አይኑረው ነው። ይሄን ዓመሉን ራሱም ያውቀዋል፣ ያፍርበታልም። ማፈሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ከመጠየቅ አላገደውም። ነገሩ ቀላል ነው። ባንኩ «ወዳጅዎን ይጋብዙ፣ ወዳጅዎ በእርስዎ ሊንክ ገብቶ ክሬዲት ካርድ ካወጣ አርባ ሺህ ነጥብ እንሰጥዎታለን» ይላል። ነጥብ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል፣ የሆቴል አልጋ ይሆናል። እናም ዌንደል ወዳጅ የተባለውን ሁሉ ጋበዘ። ጸጉር አስተካካዩን ጋበዘ። የጥርስ ሐኪሙን፣ ያውም አፉ በጥጥ ተሞልቶ፣ በእጅ ምልክት ጋበዘ። ፓስተር ፍሊትስትራን ጋበዘ። በአጎቱ ቀብር ላይ ደግሞ ሬሳው ገና አፈር ሳይቀምስ የአጎቱን ሚስት ወንድም ጋበዘ። ሰውየው እያለቀሰ ስለነበር እምቢ የሚልበት አቅም አላገኘም፤ ካርዱን አወጣ።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ? እሑድ እሑድ ከስብከት በኋላ ሰው በአዳራሹ ቡናውን ይዞ ሲያወጋ፣ ዌንደል ብቅ ካለ አንዱ መኪናው ትዝ ይለዋል፣ አንዱ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ከግድግዳው ማስታወቂያ ጋር ይፋጠጣል። የሚሺጋኗ ሆላንድ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዴ ስም ከወጣልህ ወጣልህ ነው። የእሱ «ካርዱ» ነበር። «ካርዱ መጣ፣ እንሂድ» ሲባል በገዛ ጆሮው ሰምቷል። እውነት ለመናገር አልተቀየመም፤ ሰዎቹ ልክ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ይህ ሰው የትም አለመሄዱ ነው። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው፤ ሥራው በወንበር ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መፈተሽ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀምጦ እንጀራውን በልቷል። ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ አለው። ነጥቡን አውጥቶ ሊጠቀምበት ሲል ግን «ትኬቱ በሚቀጥለው ወር ይረክሳል» ይልና ይተወዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እሱ ነው።

«ጋሼ» ትለዋለች ታናሽ እህቱ ሉአን፣ «ያን ሁሉ ነጥብ ይዘህ ከጎረቤት ከተማው ከግራንድ ራፒድስ ወዲያ ተሻግረህ አታውቅም። አይዞህ፣ ስትሞት ሬሳህን በአንደኛ ማዕረግ እንልከዋለን።»

«የትኛው ወር ዋጋ ነው የሚሻለው ብለሽ ነው?» ይላታል እሱም። እንዲህ እያለ በራሱ ላይ መሳቅ ይችልበታል፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ያው ነው።

ድሮ ሚስት ነበረችው፤ ግዌን ትባላለች። በካርድ ሰዎች ቋንቋ ደግሞ ሚስት «ሁለተኛ ተጫዋች» ነው የምትባለው። ባል ካርድ አውጥቶ ሚስቱን ይጋብዛል፤ እሷ በተራዋ ሌላ ካርድ አውጥታ እሱን ትጋብዛለች፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ነጥብ ያልባሉ። ግዌን የማታውቃቸው አሥራ አንድ ካርዶች በስሟ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ጥላው ካላማዙ ከተማ ገባች። ለምን ሄደች ብለው ሲጠይቁት «ደከማት» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም።

ሄቲ ቡርስማ ወደ ሕይወቱ የገባችው በናና ከረሜላ ነው።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሦስት ነጥብ አለው፤ ሁለትም አይሆን፣ አራትም አይሆን። ፓስተሩ «የመጀመሪያው ነጥባችን» ሲል በየመቀመጫው የከረሜላ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ «ሁለተኛው ነጥባችን» ሲል ሁለተኛው ከረሜላ፣ ከዚያም ሦስተኛው። ከረሜላውን እናት ለልጆቿ፣ ሚስት ለባሏ ታቀብላለች። ከቤተሰብ ወጥቶ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከረሜላ ግን ተራ ነገር አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች ስብከቱን ትተው እሱን ነው የሚከታተሉት።

ሄቲ ባሏ ማርቪን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ስልሳ ልጅ በአንድ መስተዋት አይታ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። በአንድ የጥር እሑድ፣ ልክ «የመጀመሪያው ነጥባችን» ሲባል፣ በእሷና በዌንደል መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ተሻግራ እጇን ዘረጋች።

«ይውሰዱ» አለችው።

ዌንደል ወሰደ። በሁለተኛው ነጥብ ላይ እንደገና እጇ መጣ። በሦስተኛውም። ያን ዕለት ፓስተሩ ስለ ምን እንደሰበከ ቢጠየቅ አንድ ቃል አይመልስም። ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ይደልቅ ነበር። ያ ጉደኛ ጭንቅላቱ ደግሞ፣ አፈር ይብላና፣ «ሦስት ነጥብ በአንድ ቀን፣ ያውም ያለ ሊንክ» ብሎ ቆጠረ።

ከዚያ በኋላ አብረው መንሸራሸር ጀመሩ። ውርጩ ሲበረታ ቤቷ ገብተው የአተር ሾርባ ይበላሉ። «እርስዎ» መባባሉ በሦስተኛው ሳምንት ቀረ። አንድ ቀን ዕቃ ሊያወጣላት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሲስብ በፖስታ የተሞላ ሆኖ አገኘው። በየፖስታው ላይ «ነዳጅ»፣ «ሥጋ»፣ «መብራት» ተብሎ ተጽፏል።

«ማርቪን ነው ያስለመደኝ» አለች። «የቤቱን ዕዳ ሠላሳ ዓመት ቀን ሳናሳልፍ ከፍለን ጨረስን። ካርድ የሚባል ግን በዓይኔ አይቼ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

ዌንደል ክው አለ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ የተከበረች፣ ዕዳዋን በቀኑ የከፈለች፣ የትኛውም ባንክ እምቢ የማይላት፣ አንድም ካርድ የሌላት ሴት! እንዲህ ዓይነት ሰው አለ ሲባል የሰማው በወሬ ነበር። ወዲያው ደግሞ ራሱን ታዘበ። ሴትየዋን ወድዷታል፤ እውነቱን ነው፣ አውቶቡሷ በመንገዱ ሲያልፍ ለማየት ብቻ ከሥራ አምስት ደቂቃ ይዘገያል። እንግዲህ ይሄ ምን የሚሉት ልብ ነው? ምላሱን ነከሰና መሳቢያውን ዘጋ።

ማታውኑ ለሉአን ደወለላት። «ካርድ የሚል ቃል በፊቷ አላነሳም። ምያለሁ።»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች ሉአን። «እስቲ እናያለን፣ ጋሼ።»

መሐላውን ጠበቀ። በፊቷ ትንፍሽ አላለም። ያጠፋው በሌላ በኩል ነው። የካርድ ሰዎች በኢንተርኔት የሚያወጉበት መድረክ አለ፤ ዌንደል ፊታቸውን ባያውቅም ለአሥር ዓመት ወንድሞቹ ናቸው። አንድ ምሽት ደስታው ሆዱን ነፍቶት፣ የሚያካፍለው ሰው አጥቶ፣ እዚያ ገባና «ወንድሞች፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ተጫዋች ያገኘሁ መሰለኝ» ብሎ ጻፈ። ሴት ወደድኩ ማለቱ ነበር። እሱ ዘንድ ለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልነበረም።

ወንድሞቹ ግን የሰሙት የሚያውቁትን ነው። «ስንት ካርድ አላት?» አሉት። ይሄም ጅል «አንድም» ብሎ መለሰ። ጉድ ፈላ! «አግባት!» አለ አንዱ። «ሳትውል ሳታድር አግባት!» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ድንግል መሬት!» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ አርባ ሰው አጨበጨበ።

በሳምንቱ ሄቲ ቤት ሾርባ ከበሉ በኋላ ዌንደል ሳህን ሊያጥብ ተነሣ። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ትቶት ነበር፤ የአየሩን ሁኔታ ሊያሳያት አምጥቶት። ውሃው እየፈሰሰ ድምጿን ሰማ።

«ዌንደል፣ ድንግል መሬት የተባልኩት እኔ ነኝ?»

ዞር ሲል መነጽሯን አድርጋ እያነበበች ነው። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ሊንኩ፣ ስለ ሁለተኛ ተጫዋች፣ ቃሉ እሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። «አግባት ያሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም» ሲል ጭራሽ ነገሩን አበላሸው፤ ምክንያቱም እሱም ቢያገባት ይወድ ነበር።

«ማርቪን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጣፋጭ ቃል አልተናገረኝም» አለች ሄቲ። «ግን መሬት ብሎኝ አያውቅም። ሳህኑን ተወው፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

የሚቀጥለው እሑድ «የመጀመሪያው ነጥባችን» ሲባል እጇ አልመጣም። በሁለተኛው አልመጣም። በሦስተኛው ላይ ዌንደል አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጭራ ብቻ አየ፤ ሄቲ ከረሜላዋን ለብቻዋ እያላመጠች ፓስተሩን ትመለከታለች። ከኋላ ያሉት አሮጊቶች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስድስት እሑድ እንዲህ አለፈ። ዌንደል እንቅልፉ ጠፋ፣ ምግብ አስጠላው። ያቺን ሴት ካጣ ሌላ እንደማይመጣለት ያውቃል፤ ቢመጣም እሷ አትሆንም። መድረኩ ላይ «እንዴት ሆነ? ካርዱ ወጣ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። ዳግመኛ አልመለሰላቸውም።

በሰባተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ።

«ሩቅ ያለችው ልጄ ወልዳለች» አለች ሄቲ። «ሄጄ ላያት ነው። መኪና የሚያከራዩት ሰዎች ደግሞ ካርድ ካልያዝሽ አንሰጥም፣ ጥሬ ገንዘብ አንነካም አሉኝ። ቅዳሜ ያንን ታብሌትህን ይዘህ ና።»

«እኔ…» አለ ዌንደል።

«አንተ ምንም አታደርግም። እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርገህ ትቀመጣለህ። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያንተ ሊንክ የሚባል ነገር አይነካካውም። አንዲት ነጥብ ሳታገኝ ካርድ ሳወጣ ቁጭ ብለህ ማየት ከቻልክ እንነጋገራለን። ካልቻልክ ያው አወቅንህ።»

ቅዳሜ ሄደ። መቀመጥ ሙያው ስለሆነ ያ አላስቸገረውም። ሄቲ የባንኩን ስም በሁለት ጣቷ አንድ በአንድ ጻፈች፤ ገጹ ተከፈተ። ሙሉ ስሟን ሄንሪየታ ቡርስማ ብላ አስገባች፣ አድራሻዋን አስገባች። ዌንደል ግንባሩን ላብ አጠመቀው። በውስጡ አንድ ሰው «አርባ ሺህ! በከንቱ! ሜዳ ላይ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ አብረው ነው ያረጁት። ዝም በል አለው። እጁም ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም። ሄቲ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች፤ «ተፈቅዶልዎታል» የሚል ወጣ።

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አላመንኩህም ነበር» አለች። «አሁን አመንኩህ።» ተነሥታ በለውዝ የተሞላ ኬክ ልትቆርስ ሄደች። ዌንደል አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተጭኖት የነበረው ነገር ለቀቀው።

በዚያው ቅጽበት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አወጣና አነበበው። «እንኳን ደስ አለዎት! ወዳጅዎ ሄንሪየታ ቡርስማ በግብዣዎ ካርድ አውጥተዋል፤ አርባ ሺህ ነጥብ ገቢ ሆኖልዎታል።»

እንዴት ሊሆን እንደቻለ ገባው። ከዓመታት በፊት፣ እንግዳ ቤቱ ሲመጣ እንዳያመልጠው ብሎ፣ በዚያ ታብሌት ላይ የባንኩን ስም የጻፈ ሁሉ ወደ እሱ ሊንክ እንዲሄድ አድርጎ አስተካክሎት ነበር። ከዚያ ረሳው። ለሰው የጠመደው ወጥመድ እሱን ያዘው።

ሄቲ ጀርባዋን ሰጥታ ኬክ ትቆርሳለች። መልእክቱን ማጥፋት ይቻላል፤ አንድ ጣት ነው የሚፈጀው። እሷ በምን ታውቃለች? በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም። ቢነግራት ያጣታል። ባይነግራት «አመንኩህ» ያለችው ለሌላ ሰው ይሆናል፣ እሱ ከዚያ ሰው ጋር ዕድሜ ልኩን መኖር አለበት።

«ሄቲ» አለ። ስልኩን ዘረጋላት።

መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፤ አነበበች። ቢላዋውን አስቀመጠች። ዌንደል ሁሉንም እየተንተባተበ ነገራት።

«ታብሌቱን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ዝግ ብላ። «ወጥመዱን ግን አንተ ነህ የሠራኸው። እና አሁን ረስቼው ነው ስትለኝ እንዴት ብዬ ልመንህ?»

«አላውቅም» አለ። ከዚያ ለባንኩ ደወለና እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ካንድ ሩብ ሰዓት ሙዚቃ በኋላ ፓትሪስ የምትባል ሴት አነሣች።

«አርባ ሺህ ነጥብ ገብቶልኛል» አላት።

«ጎደለብዎት፣ ጌታዬ?»

«አልጎደለም። እንድትወስዱልኝ ነው።»

«ምን እንዳደርግልዎት?»

«እንድታጠፉት። አልፈልገውም።»

ፓትሪስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጌታዬ፣ አጠገብዎ የሚያስገድድዎት ሰው አለ?»

ዌንደል ሄቲን አየ። ሄቲ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማንም አላስገደደኝም። በፈቃዴ ነው።»

«እንግዲያውስ ችግር አለብኝ» አለች ፓትሪስ። «እኔ ጋ ያለው የመጨመሪያ ቁልፍ ነው፣ የመቀነሻ የለም። ነጥብ ውሰዱልኝ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አለቃዬን ልጠይቅልዎት።» እንደገና ሙዚቃ። ዌንደል ስልኩን እንደያዘ ግድግዳውን ያያል። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ኬኩን ማንም አልነካውም። ፓትሪስ ተመለሰች። «አለቃዬም አይቻልም አሉ፣ ጌታዬ። ነገር ግን እንዲህ በመጉላላትዎ በጣም አዝነናል፤ ለይቅርታ ያህል አምስት ሺህ ነጥብ ጨምረንልዎታል።»

ዌንደል ስልኩን ዘጋና ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ሄቲ ሳቀች። ስልሳ ልጅ ጸጥ የምታሰኘው ሴት ወንበሯ እስኪንቋቋ ሳቀች፣ እንባዋን በፎጣ ጠረገች፣ «አምስት ሺህ!» አለች፣ እንደገና ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? በራሱ መሳቅ እንደሆነ የለመደው ነው።

ሲበርድላት ሄቲ ኬኩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ለእኔ ብለህ ባንኩን አርባ ደቂቃ ለመንክ። ግዌን ስትሄድስ ስንት ደቂቃ ደወልክላት?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ቀልድ ሊመልስ ፈለገ፤ ሁሌም አንድ አያጣም ነበር። አሁን አልመጣለትም።

«አልደወልኩም» አለ። «ሻንጣዋን መኪናው ውስጥ ስትከት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ‹አደራሽን፣ አዲሱን ካርድ እስከ ሰኔ እንዳትዘጊው› አልኳት። የነጥቡ ጉርሻ የሚገባው ሰኔ ላይ ነበር።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«ምንም አላለች። ጠበቀች። ነጥቡ ገባልኝ። ሰኔ ሠላሳ ቀን ዘጋችው።»

ሄቲ መነጽሯን አወለቀች። ዌንደል ተነሥታ በሩን የምትከፍትለት መስሎት ኮቱን በዓይኑ ፈለገ። ይሄን ነገር ለሉአንም ነግሯት አያውቅም።

«እኔን እስከ ሰኔ ጠብቂ ብትለኝ አውቶቡሱን ነው የምነዳብህ» አለች በመጨረሻ። «ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ስልኩ እጅህ ላይ ነው። እኔ የትም አልሄድም፣ ቁጭ ብያለሁ።»

የግዌንን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ አሥራ አንድ የካርድ ማመልከቻ ላይ ሞልቶታል። ደወለ። ሁለቴ ጠራና ተነሣ።

«ዌንደል» አለች ግዌን፣ ደህና ነህ ሳትለው፣ «ካርድ ከሆነ አልፈልግም።»

«ካርድ አይደለም» አለ። «ስለዚያ ሰኔ ነው የደወልኩት።»

ግዌን የቱ ሰኔ ብላ አልጠየቀችውም።